ምርቃት ባርኮድ የለውም

ከደሴ የወጣሁበት ማታ እናቴ ጎረቤት ሳትጠራ ብቻዋን መረቀችኝ። ብዙ ሰው ከሰማ ወሬው ከእኔ ቀድሞ መተማ ይደርሳል ብላ ፈርታ ነው። ልጄ ሐያት ራቷን በልታ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላለች፤ የተኛች መስላ በአንድ ዓይኗ ታየኛለች። ያኔ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ እሷ ሳትወለድ ጅዳ ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። እናቴ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «መንገድሽን ያቅናው። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። የያዝሽው ይበርክት» እያለች ስትመርቀኝ እኔ «አሚን፣ አሚን» እላለሁ። ጨረሰች ብዬ ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ቆይ፣ ምራቂው ቀረ» አለች። «ልጅሽ መልክሽን ሳትረሳ መልሶ ያገናኛችሁ።»

ይቺን አሚን ጮክ ብዬ ማለት አልቻልኩም። ሐያት እንዳትነሳ ብዬ ዋጥኳት።

እናቴ ሰኞ ገበያ ምስርና ክክ ትሸጣለች። አገር ቤት ያላችሁ የምነግራችሁን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ኖርዌይ ልጆች የወለዳችሁ ግን ለልጆቻችሁ ልታስረዱ ትችላላችሁ። እናቴ ጣሳውን ሞልታ፣ አፉን በመዳፏ አስተካክላ፣ ምስሩን ወደ ገዢዋ ዘንቢል ትገለብጣለች። ገዢዋ ግን ዘንቢሏን አትዘጋም። ከፍታ ትጠብቃለች። «በይ መርቂልኝ እንጂ» ትላለች። ያኔ በእፍኝ ተዘግኖ ይጨመርላታል። ያቺ ጭማሪ ምርቃት ናት፤ ምራቂም እንላታለን። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ገበያ ስገባ እፍኟን መጨመር የእኔ ሥራ ሆነ። እናቴ «የአንቺ እጅ ትንሽ ነው፤ ገዢም ይደሰታል፣ እኛም አንከስርም» እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ቀና ብዬ አላይም፣ ዋጋ መከራከርም አላውቅበትም። ከሰው ጋር የምነጋገረው በዚያች እፍኝ ነበር። ስጨምርላቸው ይመርቁኛል። ጭማሪውም ምርቃት፣ ምርቃቱም ምርቃት፤ ሁለቱ ነገር አንድ ስም ያለው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ስለ በረሃው ብዙ አልጽፍም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትን አላህ አያሳየው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። መኪናው ላይ ውኃ የሚታደለን በጀሪካን ክዳን ነበር። የምታድለን አንዲት አስመሬ ሴት ናት። ክዳኑን ሞልታ ከሰጠችኝ በኋላ ጀሪካኑን ቀና ከማድረጓ በፊት ጠብ አደረገችልኝ። ጠብታዋ አፌን እንኳ አላረጠበችም። ሰው መሆኔን ግን ያስታወሰችኝ እሷ ናት። ባሕሩን የተሻገርኩት ያቺን ጠብታ እያሰብኩ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ኦስሎ ስደርስ መጀመሪያ ያታለለኝ ቃል «ነይ» ነው። የአገሩ ሰዎች «አይሆንም» ለማለት «ነይ» ይላሉ። እኔ ይህን ማን ነግሮኝ! የስደተኞች መጠለያው ውስጥ አንዱ ሠራተኛ የተከለከለ በር ልከፍት ስል አየኝና እጁን እያወዛወዘ «ነይ! ነይ!» አለ። እኔም ታዝዤ ወደ እሱ ሄድኩ። ደንግጦ ወደ ኋላ እየሸሸ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» ሲል እርምጃዬን አፈጠንኩ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ነው ሁለታችንም የቆምነው። በኋላ ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ማታ ግን አለቀስኩ፤ አትምጪ ሲሉኝ የጠሩኝ እየመሰለኝ ስንት ቦታ እንደሄድኩ አሰብኩ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ሳገኝ ትቬይታ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቤቱ ሞቃት ነው፤ ውጭው ግን የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ አስመርቆኛል። አከራዬ ክፉ ሰው አይደለችም። ሽንኩርት ሳቁላላ ብቻ ኮሪደሩ ላይ ቆማ «የሚቃጠል ነገር አለ?» ትለኛለች። «ነይ፣ ምሳ ነው» እላታለሁ። «አሃ፣ ምሳ» ትልና መስኮቱን ትከፍታለች። አንድ እሑድ ኬክ ጋግራ ጠራችኝ። ቁራሹን ስታቀርብልኝ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ አፍሬ «ነይ፣ ታክ» አልኩ፤ አይ አመሰግናለሁ ማለት ነው። «በሞቴ» እስክትለኝ እየጠበቅሁ ነው። ሳህኑን አነሳችና ወሰደችው። ኬኩን ዓይኔ እስከ ወጥ ቤት ሸኘው። እዚህ አገር የሚጠየቀው አንዴ ነው። የሚሰጠውም ልክ የተባለው ነው።

ሥራ ያገኘሁት ኦከርን በሚባል ሰፈር፣ አንድ የምግብ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። አለቃችን አርነ ይባላል፤ ሼፍ እንለዋለን፣ እነሱ አለቃን እንዲያ ነው የሚሉት። ቡናውን ያለ ስኳር የሚጠጣ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሩዙ በትልልቅ ጆንያ ይመጣል፤ በፌስታል ይታሸጋል፤ እኔ ባርኮዱን እሠራለታለሁ። እነሱ ስትሬክኮደ ይሉታል፣ የመስመር ቁጥር እንደ ማለት። ኮምፒውተሩ ላይ የዕቃውን ዓይነት እመርጣለሁ፣ ማተሚያው ትኩስ ወረቀት ይተፋልኛል። ጥቁርና ነጭ፣ ቀጭንና ወፍራም መስመር። መጀመሪያ ሳየው የኩታ ጥለት መሰለኝ፤ ቀለም የጠፋበት ሸማኔ የሠራው ጥለት። የመጨረሻዋ ቁጥር የሌሎቹ ምስክር ናት፤ ከእነሱ ተሰልታ ስለምትወጣ አንዷ ከተሳሳተች ታጋልጣለች። ከራሱ ቁጥር ጋር ላልመጣ ዕቃ ደግሞ በሁለት የሚጀምር ቁጥር እንሰጠዋለን። ይሄ ቁጥር ከመጋዘናችን ግቢ ውጭ ምንም ትርጉም የለውም።

ሥራውን ወደድኩት። ስካነሩን ወደ መስመሩ ሳቀርበው ቀይ ብርሃን ያበራና «ጢጥ» ይላል፤ ዕቃው ተመዘገበ፣ ተቆጠረ፣ ወጣ። እኔ መናገር አይጠበቅብኝም። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ምላስ አይገኝም።

አንዳንዴ ግን ማተሚያው ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ ወይም መስመሩ ይፋቃል፣ ስካነሩም ዝም ይላል። የመጀመሪያው ዕለት እንዲህ ዓይነት የምስር እሽግ ይዤ ግራ ሲገባኝ አርነ ከእጄ ተቀብሎ በሩ አጠገብ ያለ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ጣለው። «ስካነሩ ካላነበበው ፊነስ ኢከ» አለኝ። ፊነስ ኢከ፣ የለም ማለት ነው። እኔም ቃሉን እንዳለ ያዝኩት።

አሁን ነገሩ ወደሚጀምርበት መጣሁ። ልጄን ለማምጣት ፋስት ያስፈልገኛል። ፋስት የሚሉት ቋሚ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ማመልከቻውን የሚያይልሽ የለም። እኔ በጊዜያዊ ነበርኩ። አርነ «ከዓመቱ ቆጠራ በኋላ ፋስት እፈርምልሻለሁ» ብሎኛል። በዚያው ሰሞን እናቴ በስልክ እየሳቀች አንድ ነገር ነገረችኝ። ለሐያት ፎቶዬን ብታሳያት «ይቺ የስልኳ እማ ናት» ብላ መለሰችላት። እናቴ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ያቺ የዋጥኳት አሚን ትዝ አለችኝ። አላስቻለኝም፣ በሚቀጥለው ስደውል «ሐያትን አዘጋጂያት፣ ልወስዳት ነው» አልኳት። እናቴ እልል አለች። ለመንገዷ ብላ ጫማ ገዛችላት፤ ቀይ፣ ማሰሪያ ያለው፣ እስክትሄድ እግሯ ያድጋል ተብሎ ትንሽ ሰፋ ያለ።

ትንንሽ ሱቅ ያላቸው ደንበኞች ዕቃቸውን ከመጋዘኑ በር ላይ ራሳቸው ይወስዳሉ። አስረካቢያቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቶየን ሰፈር ሱቅ ያላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ መጡ። አቦይ ክፍሎም ይባላሉ።

«ጓለይ፣ አገርሽ የት ነው?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደሴ።»

«ደሴ! እኔ እኮ ከአሰብ ከባድ መኪና ስነዳ ነፍሴ የምትመለሰው ደሴ ስደርስ ነበር። የሰኞ ገበያ ሴቶች! መርቁልን ስንላቸው ያኮረፉ መስለው ይጨምሩልን ነበር።» ካርቶናቸውን መታ መታ አደረጉት። «እዚህ አገር ምራቂ የሚባል የለም። ስካነር መቼ እጅ አለውና ይዘግናል?»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጄ ራሱ ሄደ። ከግራጫው ሳጥን ውስጥ አንድ እሽግ ምስር አንስቼ ካርቶናቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደሴ ገበያ መሀል ያሉ ይመስል መረቁኝ። በረዶ እየዘነበ ነበር፤ ብርዱ አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ጨመርኩ። ለሱማሌዋ፣ ለፓኪስታኑ፣ ለማንም። የተለካው «ጢጥ» ካለ በኋላ ከሳጥኑ አንዷን ከላይ ጣል አደርጋለሁ። የሌለ ዕቃ ነው ብሎኛል፤ የሌለን ነገር ብሰጥ ማን ይጎዳል? ፓኪስታኑ ደረቱን በእጁ ይነካል፤ ሱማሌዋ «ዱዓ አደርግልሻለሁ» ትለኛለች። በኖርዌይ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተነጋገርኩ፣ በድሮዋ ቋንቋዬ።

ያጋለጠኝ ሌባ አይደለም። ያጋለጠችኝ ሐቀኛ ሴት ናት። የአንድ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ማለት ነው፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ ምስር ወስዳ ሄደች። በማግሥቱ አንዲቷን እሽግ ይዛ ተመለሰችና ለራሱ ለአርነ «አንድ ትርፍ አለ» ብላ ሰጠችው። ፈገግ ብላ፣ በደግነት። እኔ ቆሜ አያታለሁ። ምርቃት ይመለሳል እንዴ? እናቴ ብታይ «ምን ያህል ብትጠላን ነው» ትል ነበር።

አርነ ግራጫውን ሳጥን ሄዶ አየ። ባዶ ነው። ቆጠራው ላይ ምስሩ፣ ክኩ፣ ሩዙ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር አልገጠመም። ለካ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አዲስ ወረቀት ተለጥፎለት ተመልሶ ይቆጠር ኖሯል።

ቢሮው ጠራኝ። ለማስተርጎም ሰላም መጣች። ሰላም የሐበሻ ልጅ ናት፣ እዚህ ያደገች፣ ተማሪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራን የምትሠራ። አማርኛዋ ይሮጥና ይደናቀፋል።

«ሼፉ ለምን ሰጠሻቸው እያለ ነው» አለችኝ።

«ምርቃት ነው በይው።»

«ምርቃት... ምርቃት... ቆይ አውቀዋለሁ፣ እማዬ ትለዋለች... ያ! ቬልሲግነልሰ!» «ያ» እነሱ ዘንድ አዎ ነው፤ ቬልሲግነልሰ ደግሞ ቡራኬ።

አርነ መነጽሩን አወለቀ። እሷ እየተቀበለች ትነግረኛለች።

«ምስሩን ባርካዋለች?»

«ነይ፣ ደንበኞቹን ነው የባረከችው።»

«በምስር?»

«ያ፣ በምስር።»

አርነ ትንሽ አሰበ። ሰላም ወደ እኔ ዞራ «ማኅበር አለሽ ወይ ይላል» አለች።

«የምን ማኅበር?»

«እኔ እንጃ። የጸሎት ነገር። እዚህ መስበክ አይፈቀድም እያለ ነው።»

«ኧረ አልሰበክሁም! እናቴ ገበያ ትሸጣለች በይው። ጣሳው ከሞላ በኋላ...»

«ጣሳ ምንድነው?»

«መለኪያ። ቆርቆሮ።»

«ቦክስ ነገር?»

«በቃ ቦክስ በይው።»

አለችው። አርነ ቦክስ ሲሰማ ግራጫውን ሳጥን መስሎት ራሱን በኀዘን ነቀነቀ። ነገሬ እየራቀኝ፣ እየጠፋብኝ ሄደ። ያኔ ቀና ብዬ አየሁትና አለቃዬ ከአፌ ሰምቶት የማያውቅ ሙሉ የኖርዌይኛ ዓረፍተ ነገር በራሴ ድምፅ ተናገርኩ። «ፊነስ ኢከ። አንተ ነህ ያልከው።»

ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎ ለሰላም ነገራት። «ለማሽኑ ነው የሌለው፤ ለእኔ ግን አለ» ማለቱ ነው። ወደ ቤት እንዳልወሰድኩ እንደሚያምነኝም ተናገረ። ግን የጎደለውን ስቪን ብሎ መመዝገብ አለበት። የተሰረቀውም፣ የተሰበረውም፣ አይጥ የበላውም፣ የእኔ ምርቃትም እነሱ ዘንድ አንድ ስም ነው፤ ስቪን፣ የጠፋ። ስቪን ለጻፈበት ሰው ደግሞ ፋስት መፈረም አይችልም። ጊዜያዊው ውሌ ሲያልቅ ያበቃል።

«ልጅ አለቻት» አለችው ሰላም፣ ንገሪው ሳልላት።

አርነ ቡናውን እያየ «ነይ... ነይ» አለ። ሰዎች፣ አሁን ትርጉሙን በደንብ አውቀዋለሁ። እግሬ ግን አያውቅም። ወደ ፊት ሊራመድ ሲል ጠረጴዛውን ይዤ አቆምኩት።

የሥራዬ የመጨረሻ ቀን አልፎ ቶየን ሄድኩ፣ ከአቦይ ክፍሎም ሱቅ የስልክ ካርድ ልገዛ። ወሬው ደርሷቸዋል። ባንኮኒውን ዞረው መጥተው አጠገቤ ቆሙ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር።

«በእኔ ነው የጀመርሽው» አሉ።

«አይደለም አቦይ።»

«ነው። እኔ ሽማግሌው ነኝ ማወቅ የነበረብኝ። ጓለይ፣ ምርቃት ከራስ ነው የሚዘገን። ከሰው ጆንያ አይመረቅም።»

ልክ ናቸው። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ትለኝ ነበር። ግን ከሱቁ ወጥቼ አደባባዩ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ከራስ ነው የሚዘገን። ክፍሉ የአከራዬ ነው፣ ምስሩ የአርነ ነው፣ ኮቱ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የሰጠኝ ነው። እጄን ዘርግቼ አየኋት። አሁንም ትንሽ ናት። የምትዘግንበት ግን የላትም።

እዚያው ሆኜ ደወልኩ። እናቴ አነሳችው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሰዓድዬ! ምነው ድምፅሽ?»

ተናገርኩ። ሁሉንም። ከወዲያ በኩል የሰፈሩ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ቆይ፣ አልገባኝም» አለች እናቴ። «ጎድሎብሽ ነው ያባረሩሽ?»

«አይ፣ ጨምሬ ነው። ምርቃት።»

«ጨምረሽ?» አለች። «ሰው በጎደለ ይጣላል እንጂ በተረፈ ይጣላል?»

«እዚህ በተረፈም ይጣላሉ፣ እማዬ።»

«አይ አገር» አለች። ከዚያ ድምፅዋን እንደምንም አቃንታ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ። እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኩሽ» አለችኝና ልቧ አልችል ብሎ ስልኩን ለሐያት ሰጠቻት።

«እማ» አለች ሐያት። ድምፅዋ ወፍሯል። «እኔ አሁን ገበያ እፍኙን የምጨምረው እኔ ነኝ። የአያዬ እጅ ትልቅ ነው።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ።»

«እማ፣ ጫማውን ላድርገው ወይስ ይቀመጥ?»

ባቡር ከመሬት ሥር ሲያልፍ አግዳሚው ተንቀጠቀጠ። ይቀመጥ ብላት ደስ ባለኝ። ከሄድኩ ጀምሮ የምፈልገው ይቀመጥ ማለት ብቻ ነው። ግን እግሯ ያድጋል።

«አድርጊው» አልኳት።

«እንዳይቆሽሽ አያዬ ከልክላኝ ነበር እኮ።»

«እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ነገ ገበያ አድርጊው።»

አልጮኸችም፣ አልተደሰተችም። እሷም የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ። «እሺ» አለች ብቻ። የስልክ ካርዷ የተቀዳች ሴትዮ በመሀል ገብታ በእንግሊዝኛዋ ደቂቃው ማለቁን ነገረችኝ።

«ሐያትዬ፣ ስልኩ አለቀ።»

«ምርቃትስ?» አለች ልጄ።

ጢጥ ብሎ ተዘጋ። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ ቆየሁ፣ ዘንቢሏን ከፍታ እንደምትጠብቅ ገዢ።